ዋልካ መሬት ውስጥ የፋይበርግላስ ታንከር አቀባበር

ቢቸና አካባቢ 10,000 ሊትር የዝናብ ውሃ የሚይዝ የፋይበርግላስ ታንከር ስቀብር ያስቸገረኝ ታንከሩ ሳይሆን ዋልካው፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃም እንደልብ አያሳልፍም። ቆፍረን ጠጠር ስንሞላበት ጉድጓዱ እንደ ገንዳ ጎርፉን ያጠራቅማል። ታንከሩ ደግሞ ባዶውን የሚቀረው በበጋው መጨረሻ፣ ሰኔ ሲገባ ነው። ባዶ ታንከር ዙሪያውን በውሃ ከተዋጠ 10 ቶን በሚያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል፤ ቧንቧውን ገንጥሎ ብድግ ይላል። «በጥር ስንቆፍር ደረቅ ነበር» ብሎ መልህቅ፣ ማለትም ታንከሩን ወደ ታች የሚይዝ ኮንክሪት፣ መተው አይገባም።

መጠኑን ያወጣሁት ከፍጆታው ነው፤ ለ6 ሰው በቀን 15 ሊትር ቢያዝ 10,000 ሊትር 111 ቀን ያደርሳል። ከ60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አምስተኛው ባክኖ፣ 25 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን 1,200 ሊትር በአሸንዳው ይወርዳል።

የታንከሩ ዲያሜትር 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.2 ሜትር ነው። ከሥሩ 30፣ በየጎኑ 60፣ ከላዩ 90 ሳንቲ ሜትር ስንተው ጉድጓዱ 3.2 በ4.4፣ ጥልቀቱ 3.2 ሜትር ሆነ። የዋልካ ግድግዳ ድንገት ይናዳል፤ ላይኛውን ክፍል በእርከን አሰፋነው፣ ያለ ድጋፍም ሰው አላስገባንም። እስከ ታንከሩ አናት ብቻ 22 ሜትር ኩብ ጠጠር ይፈልጋል፤ እርከኑ ይህን ይጨምረዋል።

መልህቆቹ ፌሮ ያላቸው ሁለት ኮንክሪቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 3.6 ሜትር ርዝመት፣ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2.4 ቶን ቢመዝንም ውሃ ውስጥ 1.4 ቶን ብቻ ይቀረዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ቶን አይሞሉም። ታንከሩን የሚይዘው በላያቸው የሚጫነው ሙሌት ነው። በመሆኑም ከታንከሩ ሥር ሳይሆን ከጎኑ ወጣ ብለው መቀመጥ አለባቸው። ወደ ታች የሚጫነው ሁሉ ሲደመር 13 ቶን ያህል መጣልን፤ ከ10 ቶኑ ግፊት ይበልጣል። ታንከሩን ከመልህቆቹ ጋር የሚያስረው ጠፍር ታንከሩን ነክቶ ይያዝ እንጂ አይጨምቀው።

ለሙሌት የተቆፈረውን ዋልካ መመለስ ታንከሩን ማስጨፍለቅ ነው። ከ3 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሆነ የታጠበ ጠጠር ይግባ፤ በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያግድ ጨርቅ) ይዘርጋ። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ሞላን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ንብርብሮች ላይ መቸኮል አይቻልም፤ ከታንከሩ ሆድ ሥር ባዶ ቦታ ከቀረ ክብደቱ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ያርፋል፣ በኋላም ይሰነጠቃል። ጠጠሩን በረጅም እንጨት እየገፋን አስገባነው። ብዙዎች አስቀድመው ታንከሩን ውሃ ይሞላሉ፤ ጉድጓዱ ደረቅ ከሆነ ግን ሙሌቱ አናቱ ጋ ሳይደርስ ውሃ መጨመር ያልተደገፈውን የታንከሩን ግድግዳ ያጎብጠዋል። ጉድጓዱ ውሃ ከያዘ በውስጥ ያለው ከውጭው እንዳይበልጥ እያደረጉ መሙላት ነው።

ከሙሌቱ በፊትና በኋላ በማንሆሉ (በታንከሩ መግቢያ አፍ) በኩል የታንከሩን የውስጥ ቁመት ለካሁ፤ ልዩነቱ አምራቹ ከፈቀደው ካለፈ ጠጠሩን አውጥቶ እንደገና መሙላት ግድ ነው።

የተሳሳትኩት በትርፍ ውሃ ማስወጫው ነው። ጫፉን እዚያው ጉድጓዱ ዳር አቁሜው ስለነበር ውሃው ተመልሶ ጠጠሩ ውስጥ ገባ። አሁን ወደ ቁልቁለቱ 8 ሜትር ወስጄዋለሁ። ጥግ ላይ ደግሞ የተበሳ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ እስከ ወለሉ ቆሟል፤ ሰኔና ሐምሌ ውስጥ በየሳምንቱ ገመድ አውርጄ የጉድጓዱን ውሃ እለካለሁ፣ ከታንከሩ ወገብ ካለፈ በፓምፕ አወጣዋለሁ።