የቆሸሸው ስፖንጅ

ዛሬ አኳሪየሙን፣ ዓሣዎቼ የሚኖሩበትን የመስታወት ገንዳ፣ የማጸዳበት ቀን ነበር። ባልዲው፣ ቱቦው፣ ረጅሙ መቀስ፣ ያረጀ ፎጣ፣ ሁሉም ተሰናድቷል። ፎጣው ውኃ እንዳይፈስ አይደለም። መፍሰሱ ስለማይቀር ነው።

መጀመሪያ ማሞቂያውንና ውኃውን የሚያጣራውን ፊልተር ከሶኬት ነቀልኩ። እጄን ውኃ ውስጥ ነክሬ ከኤሌክትሪክ ጋር መቀለድ አልፈልግም። በዚያ ላይ ውኃው ሲጎድል የጋለ ማሞቂያ ከውጭ ከቀረ የራሱ የማሞቂያው መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከፊት ለፊቱ መስታወት ጀመርኩ። መስታወቱ ላይ የሚበቅለው ለስላሳ አረንጓዴ አልጌ በጨርቅ ይለቃል። ያቺ ድርቅ ያለችው አረንጓዴ ነጠብጣብ ግን ሙጭጭ ብላ ነው የምትይዘው፤ ያለ ምላጭ አትላቀቅም። ምላጩን አጋደም አድርጎ ቀስ እያሉ ወደ ላይ መግፋት ነው። ማዕዘኑ ጋ ስደርስ እጄን እሰበስባለሁ። መስታወቶቹን ያያያዘው ሲሊኮን በምላጭ ከተነካ መዘዙ ብዙ ነው። የኋላውን መስታወት አልነካሁትም። እዚያ የበቀለው የቀንድ አውጣዎቹና አልጌ የሚግጡት ትናንሽ ዓሣዎች፣ የኦቶሲንክለሶቹ፣ ቀለብ ነው፤ አፋቸውን ለጥፈው ሲግጡት ይውላሉ። የፊቱን የማጸዳው ለዓይኔ ብዬ ነው እንጂ ዓሣዎቹ ለመስታወት ግድም የላቸው።

ቫሊስኔሪያው፣ ረጅም ቅጠል ያለው የውኃ ተክል፣ እንደ ልማዱ ጫካ ሆኗል። ቅጠሉ የውኃው አናት ላይ ደርሶ ተጣጥፎ ተኝቷል፤ ከሥሩ ያሉትን ሁሉ ብርሃን ከልክሏቸዋል። በጠጠሩ ውስጥ ለውስጥ ሐረግ እየሰደደ ልጆቹን ያሻው ቦታ ያወጣል። ከፊት ብቅ ያሉትን ነቅዬ ወደ ኋላ መለስኳቸው። ሌላው ተክል፣ አኑቢያሱ፣ ደግሞ ችኮላ የሚባል አያውቅም፤ አንድ ቅጠል ለማውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። ወፍራሙ አግድም ግንዱ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ስለሚበሰብስ እንጨት ላይ በክር ታስሮ ነው የሚኖረው። ቢጫ የሆኑ ቅጠሎቹን ከሥራቸው ቆረጥኩ። ውኃ ውስጥ እንዲበሰብሱ ከተተዉ ዞረው ዓሣ የሚመርዘው አሞኒያ ይሆናሉ።

ከዚያ ቱቦው። የምስበው ባዶው ቦታ ላይ ያለውን ዝቃጭ ብቻ ነው። ተክሎቹ ሥር አልቆፍርም፤ እዚያ የተጠራቀመው ማዳበሪያቸው ነው። ኮሪዶራሶቹ፣ ከሥር ጠጠሩን የሚፈትሹት ትናንሽ ዓሣዎች፣ ይህን ሥራ ይወዱታል። የቱቦው አፍ ዝቃጩን ሲያስነሳው ከየጎሬያቸው ወጥተው ይከቡታል። አጫጭር ጺማቸውን እያርገበገቡ ጠጠሩን ይፈትሻሉ። አንዱ አፍንጫውን ቱቦው ውስጥ ሊከት ሲል ቱቦውን በጣቴ ቆንጥጬ ውኃውን አቆምኩት። ዞር አለና እንደገና መጣ። ምን ይደረጋል?

ዋናው ጉዳይ ግን ስፖንጁ ነው። ከፊልተሩ ሳወጣው ቡናማ፣ የሚያሟልጭ፣ ውኃ ያዘለ ነገር ነው። ሽታው የእርጥብ አፈር ነው እንጂ አይከረፋም። ከከረፋ ሌላ ችግር አለ ማለት ነው። ለአኳሪየም አዲስ የሆነ ሰው ቢያየው ወደ ቧንቧ ይዞት ይሮጥ ነበር። እዚህ ቤት ግን የንጽሕና ሕግ የተገለበጠ ነው።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ውኃው ኩልል ብሎ እያለ ዓሣውን ይጨርሰዋል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። እሱም መርዝ ነው። ሌሎቹ ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል፤ እሱ በመጠኑ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፣ ተክሎቹም ይመገቡታል። የእነዚህ ባክቴሪያዎች ትልቁ መንደር ያ የሚያስጠላው ስፖንጅ ነው። በአዲስ አኳሪየም ውስጥ እስኪደራጁ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ደግሞ የተጨመረው ባክቴሪያ ሊገድል ነው፣ ጥሩውን ከመጥፎው አይለይም። ስለዚህ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ውኃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ መለስኩት። ውኃ ካሳለፈ ይበቃዋል። ነጭ እንዲሆን አልፈልግም።

በ1850 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ወርቃማ ዓሣዎችንና ቫሊስኔሪያን አንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ ያየውን ለሙያ ባልደረቦቹ አቅርቦ ነበር። ቅጠሉ እየበሰበሰ ውኃውን ሲያደፈርስበት የኩሬ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረበት። እነሱ ብስባሹን በሉለት፣ ውኃውም ጠራ። ስለ ቀንድ አውጣ የሚያማርሩ ሰዎችን ስሰማ እሱ ትዝ ይለኛል። በእኔ ግምት ቀንድ አውጣ ሲበዛ ጥፋቱ የመጋቢው ነው። ምግብ ሲተርፍ ይራባሉ፣ ሲቀነስ ይቀንሳሉ። መርዝ ከመግዛት ይልቅ የምግቡን ቆርቆሮ ቶሎ መክደን ይሻላል።

አዲሱን ውኃ ሞላሁ። ከጠቅላላው ሩብ ያህሉን ነው የምቀይረው። ክሎሪን ማጥፊያውን ጠብ አድርጌ፣ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ወደ 25 ዲግሪ አስጠግቼ፣ ጠጠሩ እንዳይበተን ሳህን ላይ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ። ባልዲውን አሳድሮ መጠቀም ይበቃል የሚሉ አሉ። ለክሎሪን ልክ ናቸው፣ አየር ላይ ሲቆይ በንኖ ይሄዳል። ውኃው ክሎራሚን በሚባለው፣ ቶሎ በማይበነው የክሎሪን ዓይነት የታከመ ከሆነ ግን ማሳደሩ ዋጋ የለውም።

ሞልቼ ስጨርስ ቅጠሉ ሁሉ በትናንሽ አረፋ ተሸፈነ። ያምራል፣ ግን የተክሎቹ ሥራ አይደለም። በቧንቧው ግፊት ውኃ ውስጥ ታምቆ የነበረ አየር ነው። ተክሎቹ ራሳቸው ኦክስጅን ሲያወጡ አረፋው ከአንድ ነጥብ እንደ ክር ተከታትሎ ይወጣል።

ሁሉንም ሶኬቱ ላይ መልሼ ስሰካ የፊልተሩ ፓምፕ ትንሽ ተንኮሻኮሸ። ውስጡ ያለችው ማሽከርከሪያ ዝቃጭ ይዟታል መሰለኝ። ፈትቶ በጥርስ ብሩሽ መፈተግ ነው። ዛሬ ግን ስፖንጁ ተነክቷል፤ ፊልተሩን በአንድ ቀን ሁለቴ ማወክ አልፈለግኩም። ለሚቀጥለው ሳምንት አሳድሬዋለሁ።