ጉንፋን የያዛት እንግዳና የኪስ መዝገበ ቃላት

ላሊበላ ውስጥ አንድ ወጣት አስጎብኚ ከስፔን የመጡ እንግዶችን ይዞ ለማለዳ ቅዳሴ ወጣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጎህ ሳይቀድ ያለው ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ሲወርዱ አንዲት ሴትዮ ቆም አለችና «ኤስቶይ ኮንስቲፓዳ» አለችው። ልጁ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ ስፓኒሽ መማር ከጀመረ ደግሞ 8 ወሩ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሆዱ የደረቀ ሰው ከሚጠራበት ቃል ጋር አንድ ሆነበት። የኪስ መዝገበ ቃላቱ እዚያው ጃኬቱ ውስጥ ነበር፤ ግን እርግጠኛ ስለነበር አልገለጠውም። ጉብኝቱ ሲያበቃ በቀጥታ መድኃኒት ቤት ሄዶ ሆድ የሚያለሰልስ ክኒን ገዛና ሆቴሏ ድረስ ወሰደላት።

ሴትዮዋ ክኒኑን ገልበጥ አድርጋ ጀርባው ላይ «ቢሳኮዲል» የሚለውን አነበበች። የመድኃኒቱ ስም በስፓኒሽም «ቢሳኮዲሎ» ስለሆነ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ራሷን ነቅንቃ መለሰችለት። መዝገበ ቃላቱን ያወጣው ያኔ ነው። በስፓኒሹ በኩል ቃሉ አለ፤ ከፊቱ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ተጽፋለች፦ «ኮልድ»። ለካስ በርዷት ነው ብሎ ሮጠና ጋቢ አመጣላት። ጋቢውን ተከናነበች፣ አመሰገነችው፣ ከዚያ አስነጠሰች። አፍንጫዋን በጣቷ ስታሳየው ነው ጉንፋን መሆኑን የተረዳው።

በስፔን «ኮንስቲፓዳ» ጉንፋን የያዛት ሴት ናት። ሆዷ ደርቆ ቢሆን «ኤስትሬኚዳ» ትል ነበር። በአንዳንድ የላቲን አሜሪካ አገሮች ግን ያው «ኮንስቲፓዳ» ለሆድ ድርቀትም ይነገራል፤ ስለዚህ ተናጋሪው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ቃሉ ብቻውን አያስተማምንም። የመጀመሪያው ስህተት የልጁ ነው፤ በድምፅ መመሳሰል ተማምኗል። ሁለተኛው ግን የመጽሐፉ ነው። «ኮልድ» ብሎ ዝም ያለ መዝገበ ቃላት ለአማርኛ ተናጋሪ ምንም አልነገረውም፤ ምክንያቱም እኛ ጉንፋኑን፣ ብርዱን፣ ቀዝቃዛውን ውሃና «በረደኝ»ን እየለየን ነው የምንናገረው። እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል።

የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት የሚገዛ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከስፓኒሽ በቀጥታ ወደ አማርኛ የሚወስድ መጽሐፍ በየመደብሩ ስለማይገኝ መንገዳችን በእንግሊዝኛ በኩል ነው። ስፓኒሽና አማርኛ ሁለቱም ለይተው የሚያውቁት ነገር እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ይጨፈለቃል። «ቱ» እና «ኡስቴድ» ሁለቱም በእንግሊዝኛ አንድ «ዩ» ናቸው፤ እኛ ግን «አንተ»ና «አንቱ» ብለን እናውቃቸዋለን። (ጆሮ እንዳያታልል እንጂ «ቱ» የአንተና የአንቺ ነው፤ የአንቱ ማዕረግ ያለው «ኡስቴድ» ላይ ነው።) የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ከውጭ ሆናችሁ ስታዩ የምትጠቁሙት ማዕዘን «ኤስኪና» ነው፤ ውስጥ ገብታችሁ ደብተራው የተቀመጠበት ጥግ ደግሞ «ሪንኮን»። እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ኮርነር» ይላል። እንግዲህ ጥሩ መዝገበ ቃላት ማለት ከእንግሊዝኛው ቃል ጎን በትንሽ ቅንፍ «የበሽታው»፣ «የአየሩ»፣ «የውስጡ»፣ «የውጭው» እያለ የጠፋውን ልዩነት የሚመልስ ነው።

አስጎብኚው በሳምንቱ በጋሸናና በወልድያ አድርጎ ደሴ ሲደርስ ይዞት የሄደው ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፤ ወፍራሙን መግዛት። ፒያሳ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ዘንድ አብረውት የሄዱት ኩባ ተምረው የመጡ አንድ ጎልማሳ ናቸው። በደርግ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው ደሴት ተምረዋል፤ ዛሬም አገር ውስጥ ጥሩ ስፓኒሽ የሚናገር ሰው ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእነሱ መካከል ነው።

«ጋሼ፣ አንቱ ይምረጡልኝ። ትልቁን ልውሰድ?»

«አብሽር ልጄ፣ ውፍረቱን ተወው። መጀመሪያ ‹ኮልድ›ን ከእንግሊዝኛው በኩል ገልጠህ አሳየኝ።»

በዚያች አንዲት ቃል ከአራቱ መጻሕፍት ሁለቱ ወደቁ። ያለፉት ቃሉን እንዲህ ከፋፍለውታል፦ ለበሽታው «ሬስፍሪያዶ» እና «ካታሮ»፣ ስፔን የሚል ምልክት ተደርጎበት «ኮንስቲፓዶ»፤ ለአየሩ «ፍሪዮ»። ቀጥሎ አገባቡ ይመጣል። በረደኝ ለማለት «ቴንጎ ፍሪዮ»፣ ዛሬ ይበርዳል ለማለት «አሴ ፍሪዮ»፣ ውሃው ቀዝቅዟል ለማለት «ኤል አጓ ኤስታ ፍሪያ»። ግሡ በየቦታው ይለያያል፤ ቃሉን ብቻ ይዞ «ሶይ ፍሪዮ» ያለ ሰው ለሰው ፊት የማይሰጥ ነኝ ብሏል። ምሳሌ ዓረፍተ ነገር የሌለው መዝገበ ቃላት ለተማሪ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ የቃል ዝርዝር ከሆነ ከደብተር አይሻልም።

ከ«ኮልድ» ቀጥሎ «ኩራ» ተፈተነ፤ ለላሊበላ ሰው ይሄ ቃል የግድ ነው። «ኤል ኩራ» ቄስ ነው፤ «ላ ኩራ» ደግሞ ፈውስ። ልዩነቱ ያለው የወንድና የሴት ጾታ መለያው ላይ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የጾታ ምልክት የማያስቀምጥ መጽሐፍ እዚያው ይቀራል። ጥሩው አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ «ኩራ» የካቶሊክ ደብር ቄስ የሚጠራበት የዕለት ተዕለት አነጋገር መሆኑን ያመለክታል፤ ለየትኛውም ሃይማኖት ካህን የሚሆነውን «ሳሴርዶቴ»ንም ያስቀምጣል። የእኛን ካህናት ለማስተዋወቅ ይሄኛው ይሻላል። አስጎብኚ ስለ ራሱ ሲናገርም ያው ነው፤ «ኤል ጊያ» ወንዱ አስጎብኚ ሲሆን «ላ ጊያ» ሴቷ ወይም የጉብኝት መጽሐፉ ናት።

ሦስተኛው ፈተና በእርባታ መልኩን የለወጠ ግሥ ነው። «ፉዊ» የሚለውን ፈልጉ። ይህ ቃል «ሄድኩ»ም «ነበርኩ»ም ነው፤ ሥሩ አንዴ «ኢር»፣ አንዴ «ሴር»። ጀማሪ እንግዳው የተናገረውን እንደሰማው ነው የሚፈልገው እንጂ ሥሩን ገና አያውቅም። ስለዚህ ጥሩ መጽሐፍ «ፉዊ»ን በራሱ ቦታ አስቀምጦ ወደ ሁለቱም ሥሮች ይልካል፤ ከሥሩ ጎን ደግሞ ቁጥር ይኖራል፤ ቁጥሩ በመጨረሻ ወዳለው የግሥ እርባታ ሰንጠረዥ ይወስዳል። ሰንጠረዡ ካለና ቁጥሩ ከሌለ ተማሪው በ50 ግሥ መካከል ሲባዝን ይውላል።

ወፍራሙ የወደቀው በሌላ ምክንያት ነው። ለእንግሊዝኛም ለስፓኒሽም ተናጋሪ ተብለው በሚዘጋጁ ትልልቅ መዝገበ ቃላት ውስጥ በስፓኒሹ በኩል ቅንፍ ውስጥ ያሉት ጥቆማዎች ራሳቸው በስፓኒሽ የተጻፉ ይሆናሉ፤ ፍቺ መምረጥ ያለበት ስፓኒሽ ተናጋሪው ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። ለጀማሪ ይሄ በተዘጋ ቤት ቁልፉን ውስጥ መተው ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሁለቱም በኩል ጥቆማውን በእንግሊዝኛ የሚሰጥ፣ ለተማሪ ተብሎ የተሠራ መካከለኛ መጽሐፍ ይበልጣል። ሽፋን ላይ ያለውን ቁጥርም አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ ቃላቱን፣ ሐረጉንና ትርጉሙን አንድ ላይ ደምሮ ነው «100 ሺህ» የሚለው። ከስፓኒሹ ክፍል ሦስት ገጽ ከተለያየ ቦታ ገልጣችሁ በደማቅ የተጻፉትን ቃላት ቁጠሩ፤ በአማካይ 35 ካገኛችሁና ክፍሉ 600 ገጽ ከሆነ ያለው 21 ሺህ ቃል ነው።

ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስትገዙ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን የኅትመት ዓመት እዩ። የኮሊንስ ትልቁ የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት መጀመሪያ የወጣው በ1971፣ የኦክስፎርዱ በ1994 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደጋግመው ታድሰዋል፤ ገበያ ላይ የምታገኙት ግን የትኛውም እትም ሊሆን ይችላል። ዓመቱ የቃላት አቀማመጡንም ይወስናል። እስከ 1994 ድረስ ሁለት «ኤል» ተደርቦ የሚጻፈው ፊደልና «ቼ» ራሳቸውን ችለው ይቆሙ ነበር፤ በዚያ ዓመት የስፓኒሽ አካዳሚዎች ከተራው አወጧቸው፤ በ2010 ደግሞ ፊደል መባላቸው ቀርቶ የፊደሉ ቁጥር 27 ሆነ። በአሮጌው መጽሐፍ በዚሁ ድርብ «ኤል» የሚጀምረው «ያቤ»፣ ማለትም ቁልፍ፣ የሚገኘው «ሉስ»፣ ማለትም ብርሃን፣ ካለፈ በኋላ ነው፤ በአዲሱ ከእሱ በፊት። ይህን የማያውቅ ሰው ቃሉ የለም ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። «ኜ» ግን በአሮጌውም በአዲሱም ከ«ኔ» ቀጥላ ራሷን የቻለች ፊደል ናት።

«ኜ» ስትነሣ ፎቶ ኮፒው ይታወሳል። ደሴም ወልድያም ገበያ ላይ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ መዝገበ ቃላት በግማሽ ዋጋ ይገኛል። ፎቶ ኮፒ ቀጫጭን ምልክቶችን ይበላል፤ የስፓኒሽ ቃል ደግሞ በምልክት ይኖራል። «አኞ» ዓመት ነው፤ ከፊደሏ አናት ላይ ያለችው ሞገድ ስትጠፋ «አኖ» ሆኖ በእንግዳ ፊት የማይጠራ የሰውነት ክፍል ይሆናል። ተማሪው ዕድሜውን ሲናገር ነው ቃሉ የሚያስፈልገው። ርካሽነቱ ስለሚያጓጓ ሳይሆን ምልክቶቹ በግልጽ መታየታቸውን «ኜ» ያለበትን ገጽ ገልጣችሁ በብርሃን አይታችሁ ወስኑ፤ ደብዛዛ ከሆነ በነጻም አይወሰድ።

ድምፁን በተመለከተ እኛ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው እንቀድማለን። «ፔሮ» ላልቶ ሲነበብ «ግን»፣ «ሮ» ጠብቆ ሲነበብ «ውሻ» ነው። በጠበቀው «ገና» በዓሉን፣ በላላው «ገና» ጊዜውን የሚለይ ጆሮ ይሄ አይቸግረውም።

ጎልማሳው ራሳቸው የተያዙባት ቃል ደግሞ ነበረች። አውቶቡሱን «ጓጓ» ይሉታል። «አንቱ ግን የኩባውን ነው የተማሩት» አላቸው ልጁ፤ አልተቆጡም፤ ቃሉን ከመጽሐፉ አውጥተው አሳዩት። «ጓጓ» በኩባ አውቶቡስ ነው፤ በቺሊ ግን ሕፃን ልጅ። ኩባ የተማረ መምህር ያስተማረው አስጎብኚ ለቺሊ እንግዶች «ጓጓው 12 ሰዓት ይነሣል» ቢላቸው የማን ልጅ ነው ብለው ይጨነቃሉ። «ኮኼር» በስፔን መያዝ፣ መሳፈር ነው፤ በሜክሲኮና በአርጀንቲና ነውር ነው፤ «ቶማር» ማለት በሁሉም ዘንድ ያስኬዳል። እንጀራን ለማስረዳት «እንደ ቶርቲያ» የሚል ሰው ለሜክሲኮው ልክ ተናግሯል፤ ስፔናዊው ግን የሚያስበው በድንች የተጠበሰ እንቁላል ነው። የአገር ምልክት ያለው መዝገበ ቃላት እነዚህን ሁሉ ከቃሉ ጎን ያስቀምጣል፤ ከሌለው ምንም ቢያምር ለአስጎብኚ አይሆንም።

ስልክ ላይ የሚጫን መዝገበ ቃላት ከሆነ ያለ ኔትወርክ የሚሠራውን አውርዱ፤ ፈተናው ያው ነው። የቃሉን ፍቺ ሳይከፋፍል አንድ መልስ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ከልጁ የኪስ መጽሐፍ አይሻልም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1713 የተመሠረተው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል፤ ነገር ግን ስፓኒሽን በስፓኒሽ የሚፈታ ስለሆነ ለቆየ ተማሪ ነው።

ጥሩ መጽሐፍ ከተገኘ በኋላም አንድ ልማድ ያስፈልጋል። ከእንግሊዝኛው በኩል ያገኛችሁትን የስፓኒሽ ቃል መልሳችሁ በስፓኒሹ በኩል ፈልጉት። ሲመለስ ካሰባችሁት ሌላ ነገር ካመጣ ቃሉን አትጠቀሙበት። ከዚያ ደብተር ላይ እንግሊዝኛውን ዘላችሁ ስፓኒሹን ከነጾታ መለያው፣ ከጎኑ አማርኛውን፣ ከሥሩ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

አስጎብኚው የወሰደው መካከለኛውን ነው፤ ጀርባው በክር የተሰፋ፣ መሐሉ ሲገለጥ ሳይዙት ተኝቶ የሚቀር። ወደ ወልድያ በሚመለሰው መኪና ውስጥ ደብተሩን አወጣና የመጀመሪያውን መስመር ሞላ፦ «ኮንስቲፓዳ — ጉንፋን የያዛት፣ በስፔን። ኤስትሬኚዳ — ሆዷ የደረቀባት። ሬስፍሪያዳ — ጉንፋን የያዛት፣ በሁሉም አገር።»