አገርሽቶበት የተመለሰው ታካሚዬ

ለወራት ከመጠጥ ርቆ የቆየ ታካሚዬ ዛሬ እንደገና መጀመሩን ነገረኝ። (ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው።) አንገቱን ደፍቶ ነው የገባው፣ ቁጣ ጠብቆ። እኔ ግን መምጣቱ ነው ደስ ያሰኘኝ፤ ብዙዎች ሲያገረሽባቸው አፍረው ይጠፋሉ። ሱስም እንደ ደም ግፊት ሊያገረሽ የሚችል ሕመም ነው። ግፊቱ የጨመረበትን ሰው «ወኔ የለህም» የሚል አለ?

ስናወራ ከመጠጡ በፊት እንቅልፍ ማጣቱና ድባቴው እንደቀደሙ ተረዳን። ከሱሱ ጋር አብረው ካልታከሙ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ምክር ግን አላዘነብኩበትም፤ «ማቆሙ ምን ሰጥቶህ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት፣ ረጅም አወራ።

ቤተሰቦች ሆይ፣ ለዓመታት በብዛት የጠጣን ሰው «በአንዴ ቁረጥ» አትበሉት። ያለ ሐኪም ክትትል በድንገት ማቆም ሰውነትን ሊያንቀጠቅጥ፣ ራስን ሊያስት፣ ሊገድልም ይችላል።

ሐሙስ ቀጥሬዋለሁ፤ እህቱም አብራው ትመጣለች።