ግልባጩን አትመኑ፦ የቅድመ አያቴን አባት አገር ፍለጋ

የቅድመ አያቴ አባት ከየት እንደመጣ በቤተሰባችን ሦስት መልስ አለ። አባቴ ደንቢያ ነው ይላል። ትልቁ አጎቴ ወገራ ነው ይላል። የአክስቴ ልጆች ደግሞ ላስታ ነው፣ በክፉ ቀን፣ በዚያ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በነበረው ታላቅ ረሃብ፣ ተሰዶ የመጣ ነው ይላሉ። ክርክሩ ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ይነሳል። ዘመዳሞችን እስከማኳረፍ ደርሷል። የሰውየውን ስም እዚህ የማልጠራውም ለዚህ ነው።

ነገሩን ላጣራ ስነሳ "ምን ይከብዳል" ያለኝ እንጂ ያስጠነቀቀኝ አልነበረም። አንዱ ነገር ግን ክፉኛ አጉላላኝ። ጎንደር ላይ ዘሩን የሚፈልግ ሌላ ሰው ቢያንስ ከዚያ እንዲተርፍ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቀላል ቀላሉን ላሳጥረው። ሽማግሌዎቹን በስልክ ቀዳኋቸው። እያንዳንዳቸውን ለየብቻ፣ ምክንያቱም አንድ ላይ ከተቀመጡ ትልቁ ያለውን ሁሉም ይደግማል። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ማን ከማን እንደተከለከለ ጠየቅኩ። ይሄ ጥሩ ምንጭ ነው። ከዚያ ስሞቹን ሁሉ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ።

ስም ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። በዚያ ላይ አንድ ሰው የዓለም ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ ወታደር ከሆነ የፈረስ ስም አለው። ካሳ፣ መይሳው፣ አባ ታጠቅ፣ ቴዎድሮስ ሲባል አንድ ሰው እንደሆነ የጎንደር ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ንጉሥ ስለሆነ ነው የምናውቀው። የእናንተን አያት ስሞች ግን ማንም አላስተማራችሁም። አራት ስም አራት ሰው ሊመስላችሁ ይችላል። ሁለት ሰውም አንድ ሊመስላችሁ ይችላል። እኛን የመታን ሁለተኛው ነው።

አጎቴ ወገራ የሚለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቅድመ አያቴ በ1940ዎቹ ወገራ ውስጥ ርስት ተሟግቶ መርታቱን ያስታውሳል። "ዘሩን ቆጥሮ ነው የረታው፤ መዝገቡ አለ" ይል ነበር። ስለዚህ መዝገቡን ፍለጋ ወጣሁ። መከራዬ እዚህ ጀመረ።

የቢሮውን ስም አልጠራም። መጀመሪያ "እንዲህ ያለ መዝገብ የለም" ተባልኩ። የፈለገ ሰው ሳይኖር፣ ማንም ከወንበሩ ሳይነሳ። ቀጥሎ "ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ" ተባልኩ። አመጣሁ። ደብዳቤው ላይ "የቤተሰብ ጉዳይ" ስለሚል ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ።

"ዓላማው ምንድን ነው? ውርስ ነው?"

"አይደለም፤ የዘር ሐረግ ለማወቅ ነው።"

"የርስት ነገር ከሆነ እኮ ድሮ አልቋል።"

"ርስት አልፈልግም ጌታዬ። አያቴን ነው የምፈልገው።"

"ታዲያ ምን ይጠቅምሃል?"

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የርስት ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ እንዳበቃ እኔም አውቃለሁ። መሬቱ ቀረ ማለት ግን ወረቀቱ የተሸከመው የሰው ታሪክ ቀረ ማለት አይደለም። መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ካላወቀ ማን ይወቅ?

ብቻ ደብዳቤው "ለጥናት" በሚል ተቀየረ፣ ተመራ፣ ተፈረመበት። የሚመራው ሰው ስብሰባ ነው፤ ከስብሰባ ሲመለስ መስክ ነው። በመጨረሻ መዝገቡ ተገኘ። "የለም" የተባለው መዝገብ! ልየው ስል "ኦሪጅናሉን ማየት አይፈቀድም፤ ማኅተም ያለበት ግልባጭ ይሰጥሃል፣ እሱ በሕግ ፊት እኩል ነው" አሉኝ። በስልክ ማንሳትም ክልክል ነው። ከፍዬ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተቀበልኩ።

ወረቀቱ ላይ የቅድመ አያቴ ስም አለ። ቀጥሎ "ከእገሌ ይወለዳል፤ እገሌ ከእገሌ ይወለዳል" እያለ እስከ ወገራው አቅኚ አባት፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው ሰው ድረስ ይቆጥራል። መጀመሪያ ላይ ያለው ስም እኛ የምናውቀው የአባቱ ስም አልነበረም። አጎቴ ግን "ሌላው ስሙ ነው፣ አላልኩህም!" ብሎ ጨበጠኝ። ስም እንደሚበዛ ስለማውቅ እኔም የምከራከርበት አልነበረኝም። ማኅተም አለበት፤ በቃ ተባለ።

አምባ ጊዮርጊስ አልፌ ወረቀቱ ላይ ወደተጠቀሰው አገር ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ አቅኚውን አባት ያውቃሉ፤ እስከ ልጅ ልጆቹ ቆጠሩልኝ። የእኔን ሰውዬ ግን በምንም ስሙ አያውቁትም። አንዱ አባት ወረቀቱን አገላብጠው አይተው፣ "ልጄ፣ መሬት ፍለጋ ከሆነ የመጣኸው በግልጽ ንገረን" አሉኝ። አፈርኩ። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ሲባል ባደገ ሰው ፊት የዘር ቆጠራ ወረቀት ይዞ መቆም ምን እንደሚመስል ማንም አልነገረኝም ነበር። መክሰስ የመጣሁ እንዳልሆንኩ ለማሳመን ጊዜ ወሰደብኝ፤ ያሳመንኳቸውም አይመስለኝም።

ክሩን የፈታልኝ ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ቡና እየጠጣን ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ የተረታው ወገን ይግባኝ ብሎ ከሆነ መዝገቡ ሁለት ነው፤ አንዱ ታች፣ አንዱ ላይ። ሁለተኛ፣ የይግባኙ መዝገብ የሚፈለገው በእኛ ስም ሳይሆን ይግባኝ ባዩ በሆነው ተቃራኒ ስም ነው። የእኛን ስም ይዤ ስንት ቦታ ተመላልሻለሁ! ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ቢሮው ውስጥ አንድም አልነበረም፣ ወይም ሊነግረኝ አልፈለገም። የትኛው እንደሚያናድድ አላውቅም።

በተቃራኒው ስም ሌላ ቦታ ስጠይቅ ወጣት ሠራተኛ አጋጠመችኝ። መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ "እዚሁ ሆነህ እይ" አለችኝ። በሲባጎ የታሰረ፣ ጥጉን አይጥ የበላው፣ ሐምራዊ ቀለሙ የደበዘዘ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ የምስክሮቹ የጣት አሻራ ተደርድሯል። የዘር ቆጠራው ጋ ስደርስ ያ የማናውቀው ስም አለ። ከፊቱ ግን ሁለት ፊደልና አንድ ጭረት አለ፦ ወ/ሮ።

ሴት ናት። ስሟ ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ስም ነው። የቅድመ አያቴ እናት ናት። ግልባጩን የጻፈው ሰው "ወ/ሮ"ን ዘልሎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ። እናቲቱን አባት አደረጋት። በእኛ አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር፤ ቅድመ አያቴ ወገራ የተሟገተው በእናቱ በኩል ነበር። በቤተሰብ ውስጥ የቀረው የክርስትና ስሟ ብቻ ስለሆነ የዓለም ስሟን ስናይ ማናችንም አላወቅናትም። ወረቀቱን ይዤ ወደ መጀመሪያው ቢሮ ስመለስ "ትንሽ የጽሕፈት ግድፈት ናት" አሉኝ። ይቅርታ የለም፣ እርማት የለም። ለእነሱ ትንሽ ናት። እኔ በሷ ምክንያት የሰው አገር ሄጄ መሬት ነጣቂ መስያለሁ።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። "የሰነድ ማስረጃ ከሰው ቃል ይበልጣል" ይሏችኋል፤ ለርስት ክርክር ወረቀት ግን ይህን አትቀበሉ። ተሟጋች የሚቆጥረው መሬት ያለበትን መስመር ብቻ ነው። ደንቢያ የነበረው አባቱ በወገራው መዝገብ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተነሳው ስለማያስፈልግ ነው። እኔ አሁን ከማኅተም በላይ የማምነው ምንም ጥቅም የሌለበትን ቃል ነው። ግልባጭ ሲሰጧችሁም እሺ ብላችሁ አትውጡ። "ከዋናው ጋር ላመሳክር" በሉ፤ ከከለከሏችሁ አለቃቸው ጋ ግቡ። የቀበሌው ደብዳቤም ከመጀመሪያው "ለጥናት" ይበል፤ ውርስ የሚመስል ቃል እንዳይገባበት።

ጥቅም የሌለበት ቃል ያልኩት እቴቴ ጋ የነበረውን ነው። እቴቴ የአባቴ አክስት ናት፤ ቀበሌም ፍርድ ቤትም ረግጣ አታውቅም። ግን በየዓመቱ ለሙታን ጸሎት ለካህኑ የምትሰጠው የክርስትና ስም ዝርዝር አላት፣ ከእናቷ በቃል የተቀበለችው። የሰውየውንም የሚስቱንም ስም ሳትደናቀፍ ጠራችልኝ። "እነሱን ዘልዬማ እንዴት አድራለሁ ልጄ" አለችኝ። ከሣጥኗም የሰውየውን ዳዊት አወጣች።

ዳዊቱን መምሬ ጋ ወሰድነው። መጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ በሌላ እጅ የተጻፈ አጭር ማስታወሻ አለ። ልጁ ክርስትና የተነሳው ደርቡሽ (የሱዳን መሐዲስት ጦር) ደንቢያን ባጠፋ በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወገራ ነው ይላል። የአባትየው የክርስትና ስም እቴቴ ከጠራችው ጋር አንድ ነው። "ደንቢያ"ን የጻፈው "አገራችን" ብሎ ነው።

ዓመተ ምሕረቱ ባይጻፍም መምሬ ወዲያው አወጡት። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ካልተረፈ ዮሐንስ። ደርቡሽ በደንቢያ አልፎ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ያቃጠለው በጥር 1880 ነው። በዓመቱ ማለት 1881፤ 7381 ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል። ማቴዎስ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ስለሚጠመቅ ልጁ የተወለደው በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ነው። ዘመነ እገሌ የሚል ጽሑፍ ያላችሁ ሰዎች ይህን ስሌት ያዙ፤ በአራት ዓመት አንዴ ስለሚመጣ ግን እንደ ደርቡሽ ያለ የታወቀ ነገር አብሮ ካልተጠቀሰ ብቻውን አይበቃም።

እንግዲህ ሰውየው የደንቢያ ሰው ነው። ከደርቡሽ ሸሽቶ ደጋ ወጣ፣ የወገራ ሚስቱም እዚያው ልጅ ወለደችለት። አባቴ ልክ ነበር። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ዳዊቱን ተሳለመ፤ እኔም ኮራሁ፣ አልደብቅም። አጎቴ ግን አሁንም ማኅተሙን ያሳያል።

"የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ለምን አላየህም" የሚሉኝ አሉ። የጎንደር አድባራት የመሬት ሽያጭና ስጦታ በመጻሕፍቶቻቸው ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ብዙዎቹን መጻሕፍት አጼ ቴዎድሮስ በ1859 ከከተማው ወደ መቅደላ አጋዙ፤ በ1860 እንግሊዞች ከመቅደላ ወሰዱ። ለንደን ከደረሱት አብዛኞቹ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው፤ የተወሰኑት በዲጂታል ተቀድተዋል። ሰዋችሁ ከዚያ በፊት የከተማው ነዋሪ ከነበረ እዚያ ፈልጉ። የኔ ሰው የገጠር ሰው ነው፤ ደርቡሽ ያስተረፈውም ትንሽ ነው።

የላስታው ነገር አላለቀም። ሰውየው በክፉ ቀን ተሰዶ የመጣ ሊሆን አይችልም፤ ረሃቡ ሳይበረታ፣ ጥቅምት 1881 ላይ ወገራ ውስጥ ሚስትም ልጅም ነበረው። ግን የአክስቴ ልጆች ከባዶ አላወሩም ብዬ አስባለሁ። እቴቴ ዝርዝር ውስጥ ማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ የክርስትና ስም አለ። ከዳዊቱም አንድ ቅጠል ቀለሙ ደብዝዞ አልተነበበም። መምሬ ከጥምቀት በኋላ አብረን እናየዋለን ብለውኛል።