ትርፉ የት ገባ?

ወሩን ሙሉ ሲሸጥ የከረመ ነጋዴ «44,400 ብር አትርፈሃል» ሲባል መጀመሪያ የሚያደርገው መሳቢያውን መክፈት ነው። ብሩ ግን የለም። ድሬዳዋ አንቱታ ብዙም አትወድምና «አንተ ልጅ፣ ብሬን የት አደረስከው?» የሚለው ጥያቄ ሂሳብ ሠራተኛው ላይ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሰረቀ የለም። ትርፍ ሌላ፣ ጥሬ ገንዘብ ሌላ ነው። ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ በእጁ በቁጥር ያልሠራ የአካውንቲንግ ተማሪ ዴቢትና ክሬዲትን እንደ ውዳሴ ማርያም ይሸመድዳቸዋል እንጂ አይገቡትም።

ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ውስጥ ቬንትሌተር ብቻ የምትሸጥ አንዲት ሱቅ እናስብ፤ ወሩ ሚያዝያ፣ ሙቀቱ ራሱ ደላላ የሚሆንበት። ባለቤቱ 400,000 ብር ይዞ ጀመረ። 100 ቬንትሌተር እያንዳንዱን በ2,500 ብር ገዛ፤ 250,000 ወጣ። የስድስት ወር ኪራይ 90,000 ቀድሞ ከፈለ፣ በ36,000 መደርደሪያ አሠራ፣ ለሠራተኛ 12,000 ከፈለ። ከዚያ 80ውን በ3,400 ሸጠ፤ 30ው እጅ በእጅ፣ 50ው በዱቤ። ለቤቱ አስቤዛም 20,000 አነሳ። ቫቱን ለጊዜው እንተወው።

መሳቢያውን እንቁጠር። በእጅ የገባው ሽያጭ 102,000 ነው። ከመነሻው 400,000 ጋር ደምረን የወጣውን ሁሉ ስንቀንስ 94,000 ብር ይቀራል። 306,000 ብር ጎድሏል ማለት ነው።

ትርፉ ግን በሌላ መንገድ ይሠራል። ሽያጩ በዱቤም ይሁን በእጅ 272,000 ነው፤ ዕቃው ተሸጦ እጅ ከወጣ ገቢው ተመዝግቧል። ወጪ የሚሆነው የተሸጡት የ80ዎቹ መግዣ ብቻ ነው፤ 200,000። ጥቅል ትርፉ 72,000 ሆነ። ከዚህ ላይ የአንድ ወር ኪራይ 15,000፣ ደመወዝ 12,000፣ የመደርደሪያው የእርጅና ቅናሽ 600 ይነሳል። 600 የመጣው መደርደሪያው አምስት ዓመት ያገለግላል ብለን 36,000ን ለ60 ወር ስላካፈልን ነው። የተጣራ ትርፍ 44,400።

አሁን ሁለቱን እናስታርቅ። ከ44,400 እንነሳና 600ውን እንመልስ፤ በዚህ ወር ለእርጅና ብሎ ከመሳቢያ ብር ያወጣ የለምና። 45,000 ሆነ። ደንበኞች ያልከፈሉትን 170,000፣ መደርደሪያ ላይ የቀሩትን የ20 ቬንትሌተሮች 50,000፣ ገና ያልተኖረበትን ኪራይ 75,000 ስንቀንስ ከዜሮ በታች 250,000 እንወርዳለን፤ ማለትም ንግዱ ራሱ በወሩ ይህን ያህል ብር በልቷል። መደርደሪያው 36,000፣ ባለቤቱ ያነሳው 20,000። ድምሩ ያ የጠፋው 306,000 ነው። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ የሚባለው፣ ተማሪ የሚፈራው፣ ከዚህ የተለየ ነገር የለውም።

ማረጋገጫው የሀብትና ዕዳ መግለጫው ነው፦ ጥሬ ገንዘብ 94,000፣ ተሰብሳቢ 170,000፣ ክምችት 50,000፣ ቅድመ ክፍያ ኪራይ 75,000፣ መደርደሪያ 35,400። ሲደመር 424,400። በሌላው ወገን ካፒታል 400,000 ሲደመር ትርፍ 44,400 ሲቀነስ ያነሳው 20,000፤ እሱም 424,400።

ብዙ ፈተና የሚወድቀው እዚህ መሃል ነው። ኪራዩን 90,000 ሙሉውን ወጪ ያደረገ ተማሪ ትርፉን ወደ 30,600 ኪሳራ ይለውጠዋል። የባለቤቱን 20,000 እንደ ደመወዝ የመዘገበም ተሳስቷል፤ የግል ነጋዴ ከሱቁ የሚያነሳው ከካፒታሉ ላይ የሚነሳ እንጂ የሱቁ ወጪ አይደለም። ያልተሸጡትን መቁጠር የረሳ ደግሞ 50,000 ብር ትርፍ ያጠፋል። ሰኔ 30 ላይ መጋዘን ገብቶ ቆጠራ የሚደረገው ለዚህ ነው። ቆጠራን በግምት የሚሞላ ሰው በሁለት ዓመት ላይ ስህተት ይሠራል፤ የዚህ ዓመት የመጨረሻ ክምችት የሚቀጥለው ዓመት መነሻ ነውና።

ወደ ቫቱ እንመለስ። ሱቋ ከተመዘገበች በ3,400ው ላይ 15 በመቶ፣ 510 ብር ትጨምርና 3,910 ትቀበላለች። 510ው እጅ ላይ ቢኖርም የሱቁ አይደለም፤ ገቢ ሳይሆን ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። ከ3,910 ላይ ቫቱን ለይታችሁ ለማውጣት ግን 15 በመቶ አትቀንሱ፤ 3,323.50 ይመጣና መዝገቡ አይገጥምላችሁም። ለ1.15 አካፍሉ።

ሂሳቡ ሁሉ ገጥሞም ቢሆን 170,000ው ዱቤ እረፍት አይሰጥም። አራት ቬንትሌተር የወሰደ አንድ ደንበኛ ስልኩን ዘግቶ ቢጠፋ ከትርፉ ላይ 13,600 ይነሳል። በአንዱ ላይ የሚገኘው ጥቅል ትርፍ 900 ብር ስለሆነ ይህንን ለመተካት ሌላ 16 ቬንትሌተር መሸጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ የዱቤ መዝገብ ስምና ብር ብቻ አይበቃውም። የተሸጠበት ቀን ይግባበት፣ በየወሩ መጨረሻም እስከ 30 ቀን የሆነው፣ ከ31 እስከ 60 ያለው፣ ከዚያ በላይ የዘገየው በየዓምዱ ይለይ። ስልክ መደወል የሚጀመረው ከመጨረሻው ዓምድ ነው።