«ጎበዝ» ሲሉኝ ጉሮሮዬን የሚይዘኝ ነገር

አለቃዬ «ጎበዝ» አለኝ። የሆነው ይኼው ነው። ሪፖርቱን በሰዓቱ አስረክቤ ከቢሮው ልወጣ ስል ቀና ብሎ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ሥራ» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ማኪያቶ ይጋብዝ ነበር። እኔ ግን ያልታኘከ ቆሎ እንደዋጠ ሰው ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ቅርቅር አለብኝ፣ መንጋጋዬም ግጥም አለ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሼ ያንኑ ያስረከብኩትን ሪፖርት ከፈትኩና ማንም ሳይጠይቀኝ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እንደገና መደመር ጀመርኩ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ዘበኛው መጥቶ «ወንድሜ፣ ቤት የለህም እንዴ?» ብሎ አስወጣኝ።

ቤት ገብቼስ መች ተኛሁ። ፍራሽ ላይ ተጋድሜ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቲክቶክ ስገፋ አመሸሁ። ምን እንዳየሁ ብትጠይቁኝ አንዱንም አላስታውስም።

ይህን ሁሉ ሳይኮሎጂ ለተማረ ጓደኛዬ ነገርኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ጀበና ቡና የምታፈላ እህት ጋ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለናል። ምክር እየጠበቅኩ ነበር፤ «ዕረፍት ውሰድ» ምናምን ይለኛል ብዬ። እሱ ግን ሲኒውን አስቀመጠና «ጉሮሮዬ ነው ያልከው? አሁንስ አለ?» አለኝ።

አለ። እያወራሁለት እያለ ተመልሶ መጥቷል። እሱ እስኪጠይቀኝ ድረስ ግን ልብ አላልኩትም ነበር። ከአለቃዬ ጋር ስላለኝ ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ሳወራ ጉሮሮዬ እዚያው እንደተያዘ ነው፣ እኔ ደግሞ አንዴም ዞር ብዬ አላየሁትም።

ጓደኛዬ የነገረኝ ስለ አንድ የሕክምና ዘዴ ነው። በእንግሊዝኛው ምህጻር አይ ኤፍ ኤስ ይሉታል፤ ወደኛ ቢመለስ «የውስጥ ቤተሰብ ሥርዓት» እንደማለት ነው። ያመጣው ሪቻርድ ሽዋርትዝ የሚባል አሜሪካዊ የቤተሰብ ቴራፒስት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) ከመጠን በላይ በልተው መልሰው የሚያስመልሱ ሕመምተኞችን ሲያክም፣ ሰዎቹ ደጋግመው «አንዱ ውስጤ እንዲህ ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ እንዲህ ይለኛል» እያሉ ያወሩታል። እሱም ይህን እንዲሁ የአነጋገር ነገር ነው ብሎ ከማለፍ፣ ሥራው ቤተሰብ ማስታረቅ ነውና፣ የሰውን ውስጥ ልክ እንደ አንድ ቤተሰብ ያየው ጀመር። ተቆጪ አለ፣ አኩራፊ አለ፣ ጓዳ የተደበቀ ልጅ አለ። እያንዳንዳቸውን የሰውዬው «ክፍል» ይላቸዋል።

ይሄ ለፈረንጅ አዲስ ነገር ሆኖ ይሆናል እንጂ ለኛ ምኑ ነው አዲሱ? «አንድ ልቤ ሂድ ይለኛል፣ አንድ ልቤ ተው ይለኛል» ስንል ነው ያደግነው። «ልቤ ሁለት ሆነ» እንላለን። ሆዳችን ይባባል፣ አንጀታችን ይላወሳል፣ ልባችን ስንጥቅ ይላል፣ ነገር ሆዳችን ይገባና አልወጣ ይላል። የትኛው ስሜት የትኛው የሰውነት ክፍል ላይ እንደሚቀመጥ ቋንቋችን ጠንቅቆ ያውቃል። ችግሩ ይህን ሁሉ ቃል ይዘን የምንሰጠው መድኃኒት አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ «ሆድ ይፍጀው»። ሆድም ይፈጃል፣ በኋላ ጨጓራ ይባላል።

ወደ ጉሮሮዬ ልመለስ። በዚህ ዘዴ እንዲህ ያለውን ትንሽ ምልክት የእግር መንገድ በሚጀምርበት ቦታ ይመስሉታል። እኔ ወዲያው የታየኝ ዘጌ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ሄዳችሁ ስትወርዱ ከፊታችሁ የምታዩት የቡና ዛፍ፣ ድንጋይና ወደ ጫካው የምትገባ ቀጭን መንገድ ነው። ገዳሙ ከዚያ አይታይም። መንገዷም «ወዲህ ና» ብላ አትጣራም፤ ግን የሚደረሰው በሷ ነው። ጉሮሮ ላይ ቅርቅር ያለውም ነገር እንደዚያው ነው። ትንሽ ነው፣ ለሰው ሲነግሩት ያሳፍራል፣ ግን ወደ ሆነ ቦታ ይሄዳል።

እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ራሴን ለማወቅ ከትልቁ ጥያቄ ነበር የምነሳው። «እኔ ማን ነኝ? ለምን ደስተኛ አልሆንኩም?» እያልኩ ደብተር ገዝቼ ጽፌያለሁ፣ ሁለት ገጽ ሳልሞላ ተውኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለውም፣ ፍልስፍና ብቻ ነው ትርፉ። «አለቃዬ ጎበዝ ሲለኝ ጉሮሮዬን ምን ይይዘዋል?» ግን መልስ ሊኖረው የሚችል ጥያቄ ነው።

ዩጂን ጀንድሊን የሚባል ፈላስፋም ነበር። በ1978 (አሁንም በፈረንጆቹ) ስለዚሁ ነገር መጽሐፍ ጽፏል። በሥነ ልቦና ሕክምና የሚሻላቸው ሰዎች ከማይሻላቸው በምን እንደሚለዩ ሲያጠና አንድ ነገር ታዘበ። የሚሻላቸው አንደበተ ርቱዕ የሆኑት አይደሉም። ወሬያቸውን መሀል ላይ ገታ አድርገው «እ… ምን ብዬ ልበለው… እዚህ ጋ የሆነ…» እያሉ ደረታቸውን የሚዳስሱት ናቸው። ይቺን ስሰማ ትንሽ ሳቅኩ። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚንተባተብ ሰው «ተናገር እንጂ፣ ምን ያልጎመጉምሃል!» ነው የሚባለው።

ታዲያ ምልክት የሚባለው ምንድን ነው? እኔ ለራሴ የያዝኩት መለኪያ አለ፤ የአስር ብር ጥፋት ላይ የሺህ ብር ንዴት ካየሁ እዚያ የሆነ ነገር አለ። የባጃጅ ሾፌሩ «ዝርዝር የለኝም» ሲለኝ እጄ እስኪንቀጠቀጥ የምናደድ ከሆነ ነገሩ ከአምስት ብሩ ጋር አይደለም። «ሲመችህ ደውልልኝ» የሚል አጭር መልእክት አይቼ ሆዴ ዝቅ ካለ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ድንገት እንቅልፍ እንቅልፍ ካለኝ፣ ሰው ፊት የማልወደውን ነገር «እሺ» ብዬ ወዲያው ትከሻዬ ከከበደኝ እነዚህ ሁሉ ምልክት ናቸው። አንዳንዴ ምስል ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴ ደግሞ የምትደጋገም ዓረፍተ ነገር ነች። የኔዋ «ደግመህ እየው» ነች። ስንት ጊዜ እንደምሰማት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ደግሞ ማስታወሻ ያዙ፣ ሰንጠረዥ አውጡ ልላችሁ አይደለም። ስልኬ ላይ «ጉሮሮ፣ ማክሰኞ፣ አለቃ» ብዬ ብቻ ነው የምጽፈው። ይበቃል።

እሁድ ጠዋት ብቻዬን ወደ ሐይቁ ሄድኩ። ፀሐይዋ ገና አልከረረችም። ከሩቅ አንድ ሰው በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ይመጣል። ጓደኛዬ እንዳለኝ ዓይኔን ጨፍኜ ያንን «ጎበዝ» የሚለውን ድምፅ አስታወስኩ። ጉሮሮዬ ወዲያው መጣ። እሺ፣ አሁንስ?

ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ የዘዴው ዋና ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ነገር ምን ይሰማሃል? ጉሮሮዬን ስለያዘው ነገር ማለት ነው። የኔ መልስ ፈጣን ነበር፤ «አስጠልቶኛል፣ ይሂድልኝ»። ጓደኛዬ አስቀድሞ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ እንዲህ ካልክ እያወራህ ያለኸው አንተ ሳትሆን ሌላ ክፍልህ ነው፤ እሱን መጀመሪያ «እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ» ብለህ ለምነው አለኝ። ለመንኩት። መለመኑ ራሱ አሳፈረኝ፣ ዓይኔን ገልጬ ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር አልኩ። አንዲት ሴትዮ የተጠበሰ በቆሎ ትሸጣለች፣ ለኔ ጉዳይም አልሰጠችኝ። መልሼ ጨፈንኩ።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆነም። ተርቤ ቤቴ ሄድኩ።

ሦስተኛው እሁድ ላይ ነው የተከፈተልኝ። ጥላቻው ትንሽ ላላ ሲል «እስቲ ይሄ ነገር ምንድን ነው?» የሚል ጉጉት መጣ። ያኔ ያ «ደግመህ እየው» የሚለውን ጠየቅኩት፤ ባታስደግመኝ ምን ይመጣብኛል ብለህ ነው የምትፈራው? የመጣልኝ መልስ በቃል እንኳ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን «ይታወቅብሃል» ነው። እና ወዲያው ሳልጠራው አንድ ልጅ ታየኝ። አራተኛ ክፍል ነው። የሰኔ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ለጥፎበታል። የውጤት ካርዱ እንዳይርስ በሸሚዙ ውስጥ ሆዱ ላይ ለጥፎ ይዞታል። አባቴ በረንዳ ላይ በቆሎ ይፈለፍላል።

«ስንተኛ ወጣህ?»

«ሁለተኛ።»

«አንደኛው ምን በልቶ ነው?»

አለና ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም። የሰፈሩ አባት ሁሉ የሚላት ቀልድ ነች፣ የናንተም ሳይል አይቀርም። ከዚያ «ጎበዝ» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ፣ እጁ ላይ የበቆሎው ገለባ ነበር። ልጁ ግን ከ«ጎበዝ» ይልቅ የፊተኛዋን ነው ይዞ የቀረው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው «ጎበዝ» ባለኝ ቁጥር ከኋላው «አንደኛው ምን በልቶ ነው» ትከተላለች ብዬ ጉሮሮዬን ይዤ እጠብቃለሁ። ለካ አለቃዬ የለበትም።

ሽዋርትዝ የውስጥ ሰዎቹን በሦስት ይመድባቸዋል። ቀድመው የሚከላከሉ አስተዳዳሪዎች አሉ፤ የኔው «ደግመህ እየው» ከነሱ ወገን ነው። (ይሉኝታም የአበሻ ሁሉ ዋና አስተዳዳሪ ነው ባይ ነኝ፣ ይሄ የኔ ጭማሪ ነው።) ስሜቱ ፈንቅሎ ሲወጣ ባገኙት ውሃ ለማጥፋት የሚሮጡ ደግሞ እሳት አደጋዎች ናቸው፤ ቲክቶክ፣ ጫት፣ ድራፍት፣ ንዴትም ጭምር። እነዚህ ሁለቱ የሚጠብቁት ግዞተኞቹን ነው፤ ሕመሙን ተሸክመው ጓዳ የተዘጋባቸውን፣ ብዙውን ጊዜም ልጆች የሆኑትን። ከሁሉም ኋላ ደግሞ ማንም ያልጎዳው የተረጋጋ «እኔ» አለ ይላል። እኔ የቤቱ ባለቤት እለዋለሁ። ባለቤቱ መምጣቱ የሚታወቀው ልጁን ለማባረር ወይም ለማረም መቸኮሉ ሲቀር ነው። ከሁሉ የወደድኩለት ግን «መጥፎ ክፍል የለም» የሚለውን ነው። ቲክቶኩ እንኳ ሊያሳርፈኝ ነበር የሚለፋው፣ አላወቀበትም እንጂ።

ይህን ለአክስቴ ብነግራት ቡናዋን እየቆላች «ልጄ፣ ይሄማ ዛር ነው፣ ጠበል ግባ» አለችኝ። አልተቆጣሁም፤ ነገሩን ከላይ ለሚያየው ይመሳሰላል። ግን ይሄ ከውጭ የሚመጣብህ መንፈስ አይደለም፣ ያው አንተው ነህ። ለኔ ክፍል ማለት አነጋገር ነው፣ ነገሩን መያዣ እጀታ። ንስሐ አባቴ ጋም እሄዳለሁ፣ ይሄኛውንም አደርጋለሁ፣ አልተጣሉብኝም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። የኔ ጉሮሮ ውስጥ የነበረው የውጤት ካርድ ነው። በዚህ አገር ስንቱ ከዚያ የከበደ፣ ያየውን ማውራት ያቃተው ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለውን ብቻችሁን ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላችሁ አትክፈቱት፤ የሚያውቅ ባለሙያ አጠገባችሁ ይኑር። ምልክቱን ተከትሎ መሄድ ከጀመሩ ወዲያ ሰውነት ቢንቀጠቀጥ፣ ወይም ራስን ከራስ የመራቅ ነገር ቢመጣ፣ ማቆም ነው። ዓይን ገልጦ፣ እግርን መሬት ላይ ተጭኖ፣ በቆሎ መግዛት።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ አወራን። ልዘጋ ስል እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ አራተኛ ክፍል ሁለተኛ የወጣሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

ዝም አለ። እያሰበ እንደሆነ ይገባኛል፣ ከኋላው ዶሮ ይጮሃል።

«አንተ?» አለኝ። «አንተ ደግሞ መቼ ነው ሁለተኛ የወጣኸው? ሁልጊዜ አንደኛ አልነበርክ እንዴ?»

«አይ፣ አንዴ ወጥቻለሁ።»

«እንጃ፣ እኔ አላስታውስም። ጎበዝ ነበርክ።»

እጄ ሳላዘው ወደ ጉሮሮዬ ሄደ።