«ኪንታሮት ነው» ብላችሁ አትለፉት

ዛሬም ባሕር ዳር ላይ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ስናወራ የተነሣው ያው ነገር ነው፤ ሰው ሰገራው ላይ ደም እያየ «ኪንታሮት ነው» እያለ ወራት ያሳልፋል። ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳይመረመር አይታወቅም።

ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እባጭ ተነሥቶ ካንሰር እስኪሆን 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እባጩ በኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ያለውን ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ ትልቁን አንጀት በማየት ምርመራ) ጊዜ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል። ምልክት ባይኖርም ከ45 ዓመት ጀምሮ መመርመር ይመከራል፤ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት የታመመበት ሰው ደግሞ ቀደም ብሎ።

ምርመራውን የሚያበላሸው የዝግጅት ጉድለት ነው። የተልባና የቲማቲም ፍሬ አንጀት ውስጥ ቀርቶ እይታ ይጋርዳል፤ የመሣሪያውንም ቱቦ ይደፍናል። ስለዚህ ከ2-3 ቀን በፊት ጀምሮ እንጀራ፣ ሽሮና ጎመን ይቅሩ፤ ነጭ ሩዝና አጥንቱ የወጣ የጣና ቆሮሶ ዓሣ ቅቅል ይበቃል። ዋዜማውን ወተት የሌለው ሻይና የተጠለለ መረቅ ብቻ። ቀይ መጠጥ ደም ይመስላልና አይነካ። አንጀት ማጽጃው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ጠዋት ይወሰዳል፤ የሚወጣው እንደ ሽንት ጠርቶ ቢጫ ካልሆነ ገና ነው። የደም ማቅጠኛ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ እባካችሁ።

ሕክምና ለጨረሳችሁ፦ ኦክሳሊፕላቲን የሚባለውን የኬሞቴራፒ (የካንሰር) መድኃኒት የወሰደ ሰው እጅና እግሩ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል፤ የሚታጠብበትን ሙቅ ውኃ በክርኑ ይሞክር። ከቀዶ ሕክምና 1 ዓመት በኋላ የሚደገመውን ኮሎኖስኮፒም «ድኛለሁ» ብላችሁ እንዳትተዉት።